ፉልሜታል አልኬሚስት፦ የ2003ቱ ወይስ ብራዘርሁድ? (ስፖይለር ሞልቷል፣ ያላያችሁ ከበር ተመለሱ)

ሰባተኛው_ፎቅ | ሰኞ ማታ 4፡10

ሰላም ለቤቱ።

ፉልሜታል አልኬሚስት ኤድና አል የሚባሉ ወንድማማች አልኬሚስቶች (አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ) ታሪክ ነው፤ ከማንጋ (ከጃፓን የሥዕል መጽሐፍ) ሁለት ጊዜ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ሆኗል፣ አንዴ በፈረንጅ 2003፣ አንዴ በ2009 ብራዘርሁድ ተብሎ። የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ያረጀ እንደሆነ አውቃለሁ። ከመሰዳደባችን በፊት ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላውራ።

እንደ አብዛኞቻችሁ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ብራዘርሁድን ነው። ፍላሹን ያቀበለኝ ጓደኛዬ "የድሮውን እንዳትነካው፣ ከማንጋው ወጥቶ የራሱን ወሬ ነው የሚያወራው" አለኝ። አመንኩት። 64ቱን ክፍል በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። ወደድኩት። ከዛ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ ቃል ሳቀብል ኖርኩ። ሳላየው ማለት ነው።

ዘንድሮ ክረምት እግሬ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋልኩ። የሚታይ አለቀብኝ። እንግዲህ አይቼው በደንብ ልሳደብ ብዬ የ2003ቱን ከፈትኩ። 7ኛው ክፍል ሲያልቅ ላፕቶፑን ዘጋሁት። እስከ ማግስቱ አልከፈትኩትም።

ኒና ታከር። ታሪኳን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባትየው የመንግሥት አልኬሚስትነቱን ላለማጣት የገዛ ልጁን ከውሻዋ ጋር አዳቅሎ የሚናገር ኪሜራ ያደርጋታል። ብራዘርሁድ ላይ ይሄ 4ኛው ክፍል ነው። ልጅቷን ትተዋወቃታለህ፣ ከውሻዋ ጋር ስትሯሯጥ ታያታለህ፣ ክፍሉ ሳያልቅ የለችም። ያኔ ደንግጫለሁ፣ አልዋሽም። ግን ድንጋጤ ብቻ ነበር።

የ2003ቱ ላይ ኤድ ገና ልጅ ነው። ለመንግሥት አልኬሚስትነት ፈተና ሊያጠና ከነወንድሙ እዛ ቤት ይከርማል። መጽሐፍ ያገላብጣሉ፣ አብረው ማዕድ ይቀርባሉ፣ ልጅቷ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም። እናታቸው ከሞተች፣ ቤታቸውንም በእጃቸው ካቃጠሉ ወዲህ ቤት ቤት የሚሸት ነገር ያገኙት እዛ ነው። ከዛ አንድ ቀን ያ ፍጡር ኤድን በስሙ ይጠራውና "ታላቅ ወንድሜ" ይለዋል። ይሄን ትዕይንት ተቆራርጦ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም፣ ሜም ሆኗል። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ መታኝ።

ሂዩዝ የሚባለው መኮንንም እንደዚያው። ብራዘርሁድ ላይ በ10ኛው ክፍል ይሞታል፣ የድሮው ላይ በ25ኛው። ሰውዬው የልጁን ፎቶ እያወጣ ሰው ሁሉ የሚያሰለች ነው። አንተንም እስኪያሰለችህ ካልቆየ ሲሞት ምን ይጎድልሃል?

ሀሳቤ ይሄ ነው። ብራዘርሁድ መጀመሪያው ላይ የሚሮጠው የድሮውን አይተሃል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ስቱዲዮው ያው ቦንስ ነው። በ2009 ጃፓን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ሰው ኒናን ከዓመታት በፊት ቀብሯታል። ስለዚህ ሥራውን ድጋሚ ላለመሥራት ቶሎ ቶሎ አለፉት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ምናምን ክፍሎች የሚያስለቅሱት በብድር እንባ ነው። "የድሮውን አትይው" እያልን የምናስጀምረው ሰው ግን የሚበደርበት የለውም።

እህቴ 15 ዓመቷ ነው። የቱን ልጀምር ብላኛለች። ምን ልበላት?

---

ዳታዬ_አለቀ | ሰኞ ማታ 4፡31

51 ሲደመር 64፣ 115 ክፍል። ማትሪክ እስክትፈተን ትጨርሰዋለች።

---

ማኪያቶ_ያለ_ስኳር | ማክሰኞ ጠዋት 2፡25

@ሰባተኛው_ፎቅ እግዜር ይማርህ። እግርህን ማለቴ ነው፣ ለሀሳብህ ግን መድኃኒት ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ሰው ብራዘርሁድን የድሮው "ሪሜክ" (ድጋሚ የተሠራ) ይለዋል፤ ቃሉን እንተወው። ሂሮሙ አራካዋ ማንጋውን የጀመረችው በ2001 ነው። መጽሔቱ በወር አንዴ ነው የሚወጣው። አኒሜ ደግሞ በየሳምንቱ ይበላል። በጥቅምት 2003 የመጀመሪያው አኒሜ ሲጀምር የማንጋው ሲሶ እንኳ አልወጣም ነበር። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሴይጂ ሚዙሺማና ጸሐፊው ሾ አይካዋ ከተወሰነ ቦታ በኋላ የራሳቸውን መንገድ ቀደዱ። አራካዋም የራሳቸውን መጨረሻ እንዲሠሩ ተስማማች። ብራዘርሁድ ሲመጣ ግን ታሪኩ ወደ ማለቂያው ነበር። የማንጋው የመጨረሻ ምዕራፍ የወጣው ሰኔ 2010 ነው፤ የብራዘርሁድ የመጨረሻ ክፍል የተላለፈው በፈረንጅ ጁላይ 4፣ 2010። ተከታትለው ነው የገቡት። ስለዚህ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም። የአንድ እናት ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንደኛው ቀድሞ ከቤት ወጣ።

ሁለተኛ፣ አዎ፣ መጀመሪያው ይሮጣል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ልትለኝ ነው። ግን የሚሮጥበት ምክንያት አለው። መድረስ ያለበት ቦታ ሩቅ ነው። የድሮው ላይ ሺንግ የሚባል አገር የለም። የዛ አገር ልዑል ሊንግ የለም። ጠባቂው ላን ፋን የለችም። ሴትዮዋ ቆስላ እየተሳደደች ነው፣ የደሟ ጠብታ ለጠላት መንገድ እያሳየ ነው። ምን አደረገች? ክንዷን ራሷ ቆርጣ ውሻ ላይ አሰረችና ውሻውን በሌላ አቅጣጫ ለቀቀችው። አሳዳጁ ውሻ ሲከተል ዋለ። ይሄን ያላየ ሰው ስለ ፉልሜታል ምን ያወራል?

ኦሊቪየር አርምስትሮንግም የለችም። ብሪግስ ምሽግ ውስጥ በረዶ ላይ ቆማ ጄኔራሎችን እንደ ልጅ የምትቆጣ ሴት። ለ15 ዓመት ልጅ የምታሳያት ማንን ነው? እሷን ነው።

---

አሮጌው_ካሴት | ማክሰኞ ማታ 1፡05

ልጆች፣ ዕድሜዬን ልታውቁብኝ ነው።

እኔ የድሮውን ያየሁት ድሮ ሳይሆን ነው። በ2004 መጨረሻ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ካርቱን ኔትወርክ ላይ አዳልት ስዊም በሚባለው ሰዓት። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ በካሴት ይቀዳልኝና እሑድ ጠዋት ቁርስ እየበላሁ አያለሁ። አንድ ክፍል፣ ከዛ ሰባት ቀን ጥበቃ። እናንተ በሁለት ሳምንት የምትጨርሱትን እኔ ከዓመት በላይ ከሱ ጋር ኖሬያለሁ። ሂዩዝ የሞተ ሳምንት ሥራ ቦታ ተቆጥቼ ነው የሰነበትኩት። ለማን ትናገረዋለህ? አለቃዬ "ማን ነው የሞተብህ?" ቢለኝ ካርቱን ልለው ነው?

ለ@ማኪያቶ የማነሳው አንድ ነገር አለኝ። ስንፍና የምትባለዋ ሆሙንኩለስ፣ በሰባቱ ኃጢአቶች ስም ከሚጠሩት ሰው ሠራሽ ፍጡራን አንዷ። በእናንተኛው ብራዘርሁድ ላይ ስንፍና መሬት ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍር ግዙፍ ነው፣ "ሰለቸኝ" እያለ። ያስቃል፣ ጥሩ ነው። የድሮው ላይ ግን ስንፍና የልጆቹን እናት ፊት ይዛ ነው የምትመጣው። ሁለቱ ልጆች እናታቸውን ከሞት ሊመልሱ ሞክረው፣ ኤድ እግሩን ሰጠ፣ አል ሙሉ አካሉን ሰጠ፣ ኤድ ደግሞ የወንድሙን ነፍስ ባዶ ጥሩር ላይ ለማሰር ክንዱን ጨመረ። ይሄ ሁሉ ተከፍሎ የተፈጠረው ነገር እዛው መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። አልሞተም። ሌላ ሰው ወስዶ አሳደገው። የመከላከያው አለቃ ጸሐፊ ሆና ሱፍ ለብሳ ትሠራለች።

መጨረሻ ላይ ኤድ እሷን መግደል አለበት። ሰውነቷ ውሃ ነው፣ አትመታም፣ አትቆረጥም። ወደ አልኮል ለወጣት። አልኮል ደግሞ ይተናል። ልጁ እናቱን የመሰለውን ነገር በእጁ ነክቶ አየር ላይ እስኪጠፋ ቆሞ ያያል።

ካሴቱን አቆምኩት። እናቴን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ነበረኝ፣ የጀርባውን ቁጥር በሳንቲም ፋቅኩና ደወልኩላት። "ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ካርዱ እስኪያልቅ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን።

---

ጥሩር | ማክሰኞ ማታ 1፡48

ጋሼ ካሴት እጅ ነሥቻለሁ።

የተናገሩት ነገር ለኔ የሁለቱ ዋና ልዩነት ነው። ሰው ሁሌ መጨረሻውን ያወዳድራል። እኔ ሆሙንኩለሶቹ ከየት መጡ የሚለውን ነው የማየው።

ብራዘርሁድ ላይ "አባት" የሚባለው ፍጡር ሰባቱን ኃጢአቶች ከራሱ አውጥቶ ልጆች አደረጋቸው። ክፋቱ ከአንድ ምንጭ ነው። ምንጩን ካደረቅክ አበቃ። ለውጊያ ታሪክ ይመቻል፣ ጠላትህ ጥርት ብሎ ይታያል።

የ2003ቱ ላይ ሆሙንኩለስ የሚወለደው ሰው የሞተበትን ሰው ለመመለስ ሲሞክር ነው። አልተሳካም ብሎ ጥሎት የሄደው ነገር ነው ተነሥቶ የሚመጣው። ስንፍና የኤልሪኮቹ ናት። ቁጣ የመምህራቸው የኢዙሚ ልጅ ነው፣ ሞቶ የተወለደባት። ፍትወት ስካር የሚባለው ገጸ ባሕርይ ወንድም ያፈቅራት የነበረች ሴት ናት። ምቀኝነት ደግሞ፣ ይሄን ስሰማ ተነሥቼ ነው የቆምኩት፣ የአባታቸው የሆሄንሃይም የቀድሞ ልጅ ነው። ማለትም ወንድማቸው። ኤድን የሚጠላው ዓለምን ለመግዛት አይደለም። አባቱ ጥሎት ሄዶ ሌላ ልጅ ወለደ፣ በቃ።

ማሸነፊያቸው እንኳ ከዛው ነው የሚመጣው። የሟቹን አጽም ስታቀርብላቸው ይደክማሉ። ከቀብር ያወጣኸውን ነው ይዘህ የምትዋጋው።

የድሮውን "ወሬ ነው" የምትሉት ይሄንን አስቡት። ማንጋው ላይ ያልነበረ ነው፣ ግን ከማንጋው ጥያቄ ነው የወጣው። የሞተን መመለስ ምን ያስከፍላል? ብራዘርሁድ ከኢዙሚ በኋላ ከዚህ ጥያቄ ወጥቶ ወደ አገር ጉዳይ ይሄዳል። መጥፎ አይደለም። ግን ሌላ ታሪክ ነው።

---

ዳታዬ_አለቀ | ማክሰኞ ማታ 2፡02

ትዕቢቱስ? የድሮው ላይ የአገሪቱ መሪ ኪንግ ብራድሌይ ትዕቢት ነው፣ አዲሱ ላይ ቁጣ ነው። ቴሌግራም ላይ እየቀላቀልኩ ሳይ አንድ ሰው ሁለት መታወቂያ አውጥቷል ብዬ ነበር።

---

ማኪያቶ_ያለ_ስኳር | ማክሰኞ ማታ 2፡40

😂 ትዕቢቱ ትንሹ ልጁ ሴሊም ነው፣ አዲሱ ላይ። ያ ጥላው ዓይንና ጥርስ የሚያወጣው። የድሮው ላይ ሴሊም እንዲሁ ልጅ ነው። ምስኪን።

@ጥሩር ወደ አገር ጉዳይ ይሄዳል አልክ። ትክክል። እኔ የምወደውም ለዛ ነው። አራካዋ የሆካይዶ ልጅ ናት፣ ወላጆቿ የወተት ላም አርቢዎች ናቸው። ሆካይዶ ደግሞ የአይኑ፣ መሬቱን የተነጠቀ ነባር ሕዝብ፣ ምድር ነበረ። የኢሽቫልን፣ ታሪኩ ላይ ጦሩ የጨፈጨፈውን ሕዝብ፣ ነገር ስትጽፍ ያ ታሪክ በአእምሮዋ እንደነበረ ተናግራለች፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያዩ አዛውንቶችንም ሄዳ ጠይቃለች። ብራዘርሁድ 30ኛው ክፍል ላይ ይታያል። ክፍሉ ላይ ማንም ንጹሕ አይደለም። በኋላ ኮሎኔል የሚሆነው ማስታንግ በእሳት ያቃጥላል፣ በኋላ ረዳቱ የምትሆነው ሆክአይ ከማማ ላይ ትተኩሳለች፣ ሂዩዝ ሳይቀር እዛ ነበር። ያ ፎቶ የሚያሳየው ሳቂታ ሂዩዝ። ትዕዛዝ ቁጥር 3066 ተፈርሟል፣ እነሱ ፈጽመዋል፣ ከዛ ሻይ ይጠጣሉ።

ይሄን ክፍል ያየሁበትን ዓመት አልናገርም። ሁለት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም።

አሁን ደግሞ ለእናንተ አንድ ነጥብ በነጻ። የዊንሪ፣ የኤድና የአል አብሮ አደግ፣ ወላጆች። ሐኪሞች ናቸው፣ ኢሽቫል ላይ የጠላትንም ቁስል ያክማሉ። ማንጋውና ብራዘርሁድ ላይ የገደላቸው ስካር ነው፣ እያከሙት ሳለ፣ አእምሮውን ስቶ። በኋላ ዊንሪ ሽጉጥ ትደግንበታለች፣ መተኮስ ያቅታታል። ቆይቶ ደግሞ ክንዱን ራሷ ታስርለታለች። ይቅር አላለችውም፣ ግን ደሙ እንዲፈስ አልተወችውም። ከዚህ የበለጠ ትዕይንት የለም ባይ ነኝ።

የ2003ቱ ላይ ግን የገደላቸው ማስታንግ ነው። ታዞ። ያ ሁላችንም የምንወደው ኮሎኔል። ከዛ በኋላ ሽጉጡን ራሱ ላይ ሊደግን ይደርሳል። እሱ ላይ የድሮው የበለጠ ጨክኗል። እዚህ ጋ እጄን እሰጣለሁ። እዚህ ጋ ብቻ።

---

ቅዳሜ_ከሰዓት | ረቡዕ ቀን 7፡15

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ፣ ምሳ ሰዓቴ እያለቀ ነው።

@ሰባተኛው_ፎቅ የብድር እንባ ያልከው ሀንተር ኤክስ ሀንተር በሚባለው ሌላ ሁለት ጊዜ የተሠራ አኒሜ ላይም ደርሷል። የ1999ኙ ሲጀምር ጎን የሚባለው ዋናው ልጅ ጫካ ውስጥ ካይትን ያገኘዋል፣ ስለ አባቱ የሚሰማው ከሱ ነው። የ2011ዱ ያንን ዘለለው። ካይት የሚመጣው ከ70 ምናምን ክፍል በኋላ ነው፣ ያለፈውን ወደ ኋላ ተመልሰው በአጭሩ ይነግሩሃል። ከዛ ጉንዳኖቹ ጋር የሚደርስበትን ታውቃላችሁ። ጎን በሰውዬው ምክንያት ሲያብድ ወንድሜ "ይሄን ያህል ማነው ለሱ?" አለኝ። የ1999ኙን ላየ ሰው ጥያቄው አይነሣም።

ፉልሜታል ላይም ዮኪ አለላችሁ። የድሮው ላይ ዩስዌል በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ሙሉ ክፍል ተሰጥቶታል፣ ሕዝቡን በግብር የሚያራቁት ሹም። ብራዘርሁድ ያንን አልሠራም። በኋላ ሰውየው ሲመጣ ታሪኩን በድሮ ድምፅ አልባ ፊልም መልክ፣ ጥቁርና ነጭ አድርገው በሁለት ደቂቃ አሾፉበት። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን ቀልዱን ለመሳቅ እንኳ የድሮውን ማየት አለብህ።

---

ዘቢብ | ረቡዕ ማታ 3፡20

ሁላችሁም ዋናውን ሕግ ዘለላችሁት። "የእኩል ልውውጥ" ብለው የሚተረጉሙትን። እኔ ሰጥቶ መቀበል ነው የምለው፣ እሱም አልተዋጠልኝም። ባለፈው አጎቴ አብሮኝ ጥቂት አይቶ "ይሄማ እቁብ ነው" አለ።

እውነቱን ነው። እቁብ ላይ የጣልከውን ያህል ታወጣለህ። ዕጣህ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የኤልሪክ ልጆች ዓለምን እቁብ አድርገው ነው የሚያምኑት። የከፈልነውን እናወጣለን።

የ2003ቱ ላይ አል በየክፍሉ መጀመሪያ ሕጉን ይናገራል፤ ያለ መክፈል ማግኘት የለም። ከዛ ግን በዛን ጊዜ የዓለም እውነት ይሄ ብቻ ነው ብለን እናምን ነበር ይላል። እናምን ነበር! ከመጀመሪያው ቀን ነግሮሃል፣ አንተ ኦፕኒንጉን ልታልፍ ስትቸኩል አልሰማህም። መጨረሻ አካባቢ ዳንቴ የምትባለዋ አሮጊት፣ ሰው አካል ውስጥ እየገባች አራት መቶ ዓመት የኖረችው፣ ኤድን ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች። አብረውህ የተፈተኑትስ? እነሱም አጥንተዋል፣ እነሱም ደክመዋል። ለምን አንተ አለፍክ፣ እነሱ ወደቁ? ኤድ መልስ የለውም። እኔም አልነበረኝም። አብሮኝ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነበር፣ ከኔ በእጥፍ ያጠና ነበር።

እና የድሮው መጨረሻ ዓለም እቁብ አይደለችም ይልሃል። እድር ትመስላለች። ሠላሳ ዓመት ትከፍላለህ፣ ድንኳኑ ሲተከል አንተ አታየውም። አል ወንድሙን ለመመለስ ራሱን ይሰጣል፣ ኤድ አልን ለመመለስ ራሱን ይሰጣል፣ አል አካሉን ያገኛል ግን የአራት ዓመቱን ጉዞ ረስቶ፣ አሥር ዓመቱ ሆኖ ይነቃል። ኤድ ወደኛ ዓለም ይወድቃል፣ ጀርመን። ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ፣ አንድ ላይ ግን አልሆኑም። ሒሳቡ አይገጥምም። አለመግጠሙ ነው ደስ ያለኝ።

---

ማኪያቶ_ያለ_ስኳር | ረቡዕ ማታ 3፡52

@ዘቢብ አጎትህን አባል አድርግልን።

ግን ብራዘርሁድም ሕጉን አልተቀበለውም እኮ። ኤድ ወንድሙን ለማውጣት የሰጠው አልኬሚውን ነው፣ ኃይሉ የሚመጣበትን በር ራሱን። ስሙን ያስጠራውን፣ የሚኮራበትን ነገር። እውነት የሚባለው ፍጡር ፈገግ ብሎ አሸነፍከኝ ይለዋል። እና መጨረሻው ክፍል ላይ አል አዲስ ሕግ ያመጣል፤ አሥር ከተቀበልክ የራስህን አንድ ጨምረህ አሥራ አንድ አድርገህ ስጥ። ይሄ እቁብም እድርም አይደለም። ውለታ ነው።

ባቡር ጣቢያውን ደግሞ ረሳችሁት? ኤድ ዊንሪን ለጋብቻ ሲጠይቃት እንደ አልኬሚስት ነው የጠየቃት። የሕይወቴን ግማሽ እሰጥሻለሁ፣ ግማሽሽን ስጪኝ። እሷ ሞኝ ነህ ትለዋለች። ሁሉንም እሰጥሃለሁ ብላ ትጀምርና ሂሳብ ውስጥ ትገባለች፣ ዘጠና፣ ሰማንያ፣ መጨረሻ ሰማንያ አምስት ላይ ትረጋለች። መርካቶ አስመሰለችው። ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ከስልሳ ሦስት ክፍል ደም በኋላ በመርካቶ ክርክር የሚጨርስ ታሪክ የት አለ?

---

ጥሩር | ረቡዕ ማታ 4፡10

ሰማንያ አምስቱን አልከራከርም። 😄

የድሮው ፊልም አለ ግን፣ በ2005 የወጣው፣ ሻምባላ የሚለው። 1923 ሙኒክ ላይ ነው። ሂትለር ቢራ አዳራሽ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት የሞከረበት ሳምንት። ብዙ ሰው አይወደውም። እኔም ግማሹን አልወደውም፣ ጥድፊያ አለበት፣ ሰው በዝቶበታል። ግን ኤድ አስማት በማይሠራበት አገር፣ ዋጋው በየቀኑ በሚንር ገንዘብ ተከራይቶ ሲኖር ሳይ ዝም አልኩ። የምታውቀው ሰው መልክ ያለው፣ አንተን ግን የማያውቅ ሰው በየመንገዱ ያጋጥመዋል። ጋሼ ካሴት ይሄን ከኔ በላይ የሚያውቁት ይመስለኛል።

---

አሮጌው_ካሴት | ሐሙስ ንጋት 11፡30

@ጥሩር አውቀዋለሁ ልጄ። የመጀመሪያ ሰሞን ሜትሮ ባቡር ውስጥ የሰፈሬን ልጅ አየሁ ብዬ ትከሻ ነክቻለሁ። ሰውየው ከጋና ነበር።

ከርዕስ ውጪ አንድ ነገር። በጃፓንኛው ሁለቱም ላይ የኤድ ድምፅ ሮሚ ፓርክ ናት፣ የአል ሪዬ ኩጊሚያ ናት። ማስታንግ ተቀይሯል። እኔ የሰማሁት እንግሊዝኛውን ነው። የ2003ቱ አል አሮን ዲስሙክ የሚባል ልጅ ነበር፣ የምር ልጅ፣ ድምፁ ከዛ ትልቅ ጥሩር ውስጥ ቀጭን ሆኖ ሲወጣ አንጀት ይበላል። ብራዘርሁድ ሲመጣ ድምፁ ጎርንኖ ስለነበር አልን ለሌላ ሰጡ። እሱን ግን አልጣሉትም። ወጣቱን ሆሄንሃይም አደረጉት። ልጅ የነበረው አባት ሆኖ ተመለሰ። ይሄን ያወቅሁት ስሞቹ ሲያልፉ ሳነብ ነው። ሚስቴ ተኝታ ነበር፣ ቀሰቀስኳትና ነገርኳት። "እና?" አለችኝ።

---

ዳታዬ_አለቀ | ሐሙስ ጠዋት 3፡00

ጋሼ፣ ከባለቤትዎ ጎን ነኝ።

---

ሰባተኛው_ፎቅ | እሑድ ማታ 2፡45

ተመልሻለሁ። ለሁላችሁም አመሰግናለሁ፣ ለ@ማኪያቶ ስድብም ጭምር።

እህቴን የድሮውን አስጀመርኳት። ሀሳቤ እንዲህ ነበር፤ 25ቱን ክፍል ትይና፣ ከዛ ወዲያ ብራዘርሁድን ከመጀመሪያው፣ ከዛ ወደ ድሮው ተመልሳ ትጨርሰው። @ዘቢብ አጎትህ ምን ይላሉ? በነገራችን ላይ የመጀመሪያ ቅሬታዋ ምስሉ ጠባብ ነው፣ ቴሌቪዥናችን ግራና ቀኝ ጥቁር ሆነ የሚል ነበር። የ2003 ሳጥን ቴሌቪዥን ልኬት መሆኑን ሳስረዳት እንደ ጣሊያን ጊዜ ታሪክ ነው ያዳመጠችኝ።

ኒና ላይ አላለቀሰችም። "አውቄ ነበር፣ መነጽሩ አላማረኝም" አለች።

ትናንት 25ኛው ላይ ደረስን። ሂዩዝ ስልክ ቤት ውስጥ ነው። ዞር ሲል የገዛ ሚስቱን መልክ የያዘ ሰው ሽጉጥ ደግኖበታል። ሰውየው እሷ እንዳልሆነች ያውቃል። እጁ ላይ ቢላዋ አለ። መወርወር አልቻለም። ከዛ መብራት ጠፋ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ጠፋ። እህቴ በጨለማ ቁጭ ብላ "ይተርፋል አይደል?" አለችኝ። ከናንተ ጋር እዚህ ሳወራ እንደሰነበትኩ አታውቅም። ምን እንደምላት ጠፋኝ፣ ሻማ ልፈልግ ብዬ ተነሣሁ። በተሰበረ እግር።

መብራት ሲመጣ ቀብሩን አየን። ትንሿ ልጅ ለምን አባቴ ላይ አፈር ታለብሳላችሁ፣ ነገ ሥራ አለበት ትላለች። ማስታንግ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዝናብ እየዘነበ ነው ይላል። እህቴ ዝም አለች። ከዛ ተነሥታ ወደ ሳሎን ሄደች። አባቴ ዜና እያየ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። ዜና አትወድም። "ምን ፈለግሽ?" ሲላት ሰማሁ። "ምንም፣ እንዲሁ ነው" አለችው።

26ኛውን እስካሁን አልከፈተችም።

---

ማኪያቶ_ያለ_ስኳር | እሑድ ማታ 3፡10

እሺ። እንደዛ ይሁን። ኦሊቪየር ጋ ስትደርሱ ግን ይነገረኝ፣ አብሬ ልያት።

---

ዳታዬ_አለቀ | እሑድ ማታ 3፡14

115ቱንም በአንድ ፍላሽ ያለው ሰው አለ? ሠፈሩን ይንገረኝ፣ ታክሲ ከፍዬ እመጣለሁ።